እስስቷና ፎቶው

ወገኖች፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ እስስት ነው። ከመድረክ እንደለመድነው ስለ አስመሳይ አማኝ ምሳሌ ልንሰጥ አይደለም። ቅርንጫፍ ጨብጣ ቀስ እያለች ስለምትሄደው፣ ሁለት ዓይኖቿን ለየብቻ ስለምታዞረው ስለ እውነተኛዋ እስስት ነው። አንዷን እዚህ አምቦ ላይ ገድለናታል፤ የገደልናትም በደግነት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከፎቶ ነው። ቀድሞ አብራን ስታገለግል የነበረች፣ አሁን ሚኒሶታ የምትኖር እህታችን የልጇን ፎቶ ላከችልን። ልጁ ሣር ላይ ተቀምጧል፣ ትከሻው ላይ የክንድ ያህል እንሽላሊት ተጋድሟል። ፈረንጆቹ ቢርድድ ድራጎን ይሉታል፣ ፂማም ዘንዶ እንደ ማለት ነው። ሲቆጣ የጉሮሮው ቆዳ ተነፍቶ ስለሚጠቁር ፂም ያለው ይመስላል። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ዛሬ ግን በየአገሩ በሰው ቤት ይረባል። እህታችን እንዳጫወተችን ልጇ በበጋ ቀን ደጅ ያወጣዋል፣ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ፎቶ ያነሳዋል። የሰንበት ትምህርት ልጆቻችን ስልኩን እየተቀባበሉ ፎቶውን አዩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ወሬያቸው እሱ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ወንድ ልጆች ከሁሉቃ ወንዝ ዳር የያዟትን እስስት በሃይላንድ አድርገው መጡ። ክዳኑን በሚስማር በስተውታል፣ ውስጡም ቅጠል ጨምረዋል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። እኛ በእነሱ ዕድሜ እስስት ስናይ የምናነሳው ድንጋይ ነበር፤ እነሱ ግን ቅጠል አነሡ። «እሷም እንደ ሚኒሶታው ፀሐይ ትሙቅ» ብለን ጠርሙሱን ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ አቆምነውና ከበን ፎቶ አነሳናት። መጀመሪያ ጠቁራ ነበር። ቆይታ ነጣች፣ አፏንም ከፈተች። ልጆቹ «ቀለም ቀየረች!» ብለው ጮኹ። እኛም የተሻለውን ፎቶ መርጠን፣ ከሥሩ «እየሳቀች ነው» ብለን ጽፈን በአገልግሎታችን ቴሌግራም ላይ ለጠፍነው። ከዚያ ወደ ክፍል ገባን። የዕለቱ ትምህርት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ነበር።

ስንወጣ ሞታለች።

ስልካችን ላይ ከሚኒሶታ መልእክት ጠበቀን። እህታችን የሌሊት ሥራ ላይ ሆና ፎቶውን አይታው ኖሯል፦ «ሳቅ አይደለም፣ ሙቀት ነው፣ ቶሎ አውጧት» ይላል። አንዲት ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ በአፋን ኦሮሞ «እኛ ነን የገደልናት?» ብላ ጠየቀች። ከመካከላችን አንዱ «እንስሳ እኮ ናት፤ በሉ እጃችሁን ታጠቡ» አላት። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለዚያ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ ጠይቀንም አንብበንም የተረዳነውን እንንገራችሁ። እስስትም እንሽላሊትም እንደ እኛ ላብ የላቸውም። የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያስተካክሉት ቦታ በመቀየር ነው፤ ሲበርዳቸው ወደ ፀሐይ፣ ሲሞቃቸው ወደ ጥላ ይሄዳሉ። እስስት ሲበርዳት ቆዳዋ ይጠቁራል፣ ጥቁር ሙቀት ይስባልና። ስትጨነቅም ትጠቁራለች። ሙቀቱ ሲበዛባት ትነጣለች፣ አፏንም ትከፍታለች። የተዘጋ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ ሲቆም መስኮቱ እንደተዘጋ መኪና ይግላል፤ በሚስማር የተበሳ ክዳን አያድነውም፤ ውስጡም የምትሸሽበት ጥላ የለም። እንግዲህ ከበን ያጨበጨብንለት ያ ሁሉ የቀለም ለውጥ የጭንቅ ጩኸት ነበር። ድምፅ ሳታሰማ በቆዳዋ ጮኸች፤ እኛም ፎቶ አነሳነው።

የበለጠ የቆጨን ግን ሌላ ነው። የሚኒሶታው ልጅ እንሽላሊቱን ደጅ የሚያወጣው ቸግሮት ነው። እንስሳው የሚኖረው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ አጥንት የሚያጠነክረው የፀሐይ ጨረር ደግሞ በመስታወት አያልፍም። በቂ ጨረር ካላገኘ አጥንቱ ይልማል፣ ይጣመማል። ስለዚህ ቤተሰቡ ልዩ አምፖል ገዝቶ፣ የኤሌክትሪክ ወጪ ከፍሎ፣ ክረምቱን ሙሉ ሰው ሠራሽ ፀሐይ ያበራለታል። ደጅ ሲያወጡትም ሳጥኑን ትተው፣ ጥላ አዘጋጅተው፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ነው። እነሱ ፀሐይ ለሌለው እንስሳ ፀሐይ ለመስጠት ይደክማሉ። የእኛዋ እስስት ግን ፀሐይም ጥላም ጤዛም ነበራት፤ እስስት ውኃ የምትጠጣው ከቅጠል ላይ ጠብታ እየላሰች ነውና። ያላትን ሁሉ ወስደን፣ ከዚያ ፀሐዩን ብቻ በጠርሙስ መለስንላት።

ስለ ስሟም አንድ ነገር እንበል። ሰባኪ ሁሉ እስስትን ይሰድባል፤ እኛም ሰድበናል። «እስስት አትሁኑ» ስንል ወዳለበት የሚመሳሰል፣ ሁለት ፊት ያለው ሰው ማለታችን ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በ2015 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማዳጋስካር እስስት ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀለሙ የሚለወጠው ቆዳው ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲጠጋጉና ሲራራቁ እንደሆነ አሳይተዋል። ምክንያቱም በአብዛኛው ሙቀት፣ ፍርሃት፣ ቁጣና ከሌላ እስስት ጋር መነጋገር ነው። እንግዲያስ እስስት ውስጧን ትደብቃለች ወይስ ታወጣለች? ከእኛ ይልቅ እሷ ሳትሻል አትቀርም። (እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» የምንል ሁሉ ይግባን።)

አንድ ወንድም ታሪኩን ሰምቶ ዘሌዋውያን 11ን ጠቀሰልን፤ እስስት ከርኩሳኑ ዝርዝር ውስጥ ናት አለ። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ክፍል አትብሉ፣ በድኗንም አትንኩ ይላል እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አግሏት አይልም። ዘፍጥረት 1፥25 ላይ ጌታ በምድር የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ሠርቶ መልካም እንደሆነ ሲያይ ዝርዝሩ ገና አልተጻፈም ነበር። ሰሎሞንም በ1ኛ ነገሥት 4 ላይ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍና ስለ ዓሣ ብቻ አልተናገረም፤ ስለ ተንቀሳቃሾችም ተናግሯል። ሳያያቸው አልተናገረም ብለን እናምናለን። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ የጻድቅን ሰው ርኅራኄ የሚፈትነው በእንስሳው ነው።

ሌላዋ እህት የበለጠ የከበደ ነገር አለችን፦ «በምዕራብ ሸዋ ሰው በሰላም ወጥቶ ለመግባት በሚጨነቅበት ዘመን ስለ እስስት ትጽፋላችሁ?» ዝም አሰኘችን። መልስ አለን ብለን አንመካም። ይሁንና የጠየቀችን ልጅ ስለ ሰው ሞት ብዙ የሰማች ልጅ ናት። ነፍስ ያለው ነገር በእጃችን ሲጠፋ «እንስሳ እኮ ናት» ብለን ስናልፈው፣ ምን ምን እንደ ቀላል እንደሚታለፍ እየተማረች ነበር። ያን ትምህርት የሰጠናት እኛ ነን፣ ያውም በሰንበት ትምህርት ቤት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበን «አዎ፣ እኛ ነን የገደልናት፤ ጥፋቱም የትልልቆቹ ነው» አልናቸው። ፎቶውንም ከቴሌግራሙ አነሳነው። ከሆለታ እስከ ባኮ፣ በጊንጪም በጉደርም ልጆችን የምታገለግሉ ወገኖች፣ የእናንተም ልጆች ስልክ ይዘው ወደ ወንጪ ሽርሽር መውጣታቸው አይቀርም። እንስሳውን ካለበት አታንሱት። ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ልጅ እሱ ይጎንበስ፣ እሱ ይጠጋ፤ ፍላሽ ያጥፋ፣ ቅርንጫፉን አይጎትት። ጠዋት ገና ሳትሞቅ እስስት ቀርፋፋ ናት፣ ጊዜ ትሰጣችኋለች። ጠቁራ ካያችኋት ወይ በርዷታል ወይ ፈርታችኋለችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ወደ ቤት መውሰድ የሚያምራችሁም ካላችሁ፣ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በአገራችን ሕግ ክልክል መሆኑን እወቁ።

እኛም ዝናብ ባባራ በአንድ ማለዳ ልጆቹን ወደ ሁሉቃ ዳር ይዘን ወረድን። አንድ ሰዓት ያህል ፈለግን። ያገኘቻት ያችው ጠያቂዋ ልጅ ናት፤ ከቁጥቋጦ ጫፍ ላይ፣ ከቅጠሉ እኩል አረንጓዴ ሆና። ልጅቷ እርጥብ ሣር ላይ በሆዷ ተኝታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሦስት ፎቶ አነሳች። ሁለቱ ደብዝዘዋል፤ ሦስተኛው ላይ የሚታየው ጅራቷ ብቻ ነው። የለጠፍነው እሱን ነው።