የተናቀው የሕዋስ ጸጉርና የቤተሰባችን የዘር ሐረግ

በአብዛኞቹ የሰውነታችን የሕዋስ ዓይነቶች ላይ ፕራይመሪ ሲሊየም የተባለ፣ በዓይን የማይታይ አንድ ጸጉር መሰል አካል ይገኛል። ካርል ዚመርማን እ.ኤ.አ. በ1898 በአጥቢ እንስሳት ሕዋሳት ላይ መኖሩን በዝርዝር ቢገልጽም፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ጥቅም የሌለው ቅሪት አድርገው ስለቈጠሩት ለመቶ ዓመት ያህል ተዘንግቶ ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ግን ይህ አስተሳሰብ ተናጋ። ክላሚዶሞናስ የተባለው የኩሬ ዋቅላሚ ጭራውን ለማብቀል የሚጠቀምበት ጂን፣ ብልሽት ሲደርስበት የአይጥን ኩላሊት ውኃ በቋጠሩ ከረጢቶች ከሚሞላው ጂን ጋር አቻ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ሲሊየም የሕዋስ አንቴና እንደሆነ ተረድተናል፤ ከአካባቢው የሚመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ፕሮቲኖቹ ሲበላሹ ፖሊሲስቲክ የተባለው የኩላሊት በሽታ፣ እንዲሁም የዓይንን ብርሃን የሚያዳክመው፣ ውፍረትንና ትርፍ ጣትን የሚያስከትለው የባርዴ-ቢድል በሽታ ይከሰታሉ።

ይህ እውቀት ለጭሮ፣ ለገለምሶና ለሂርና ነዋሪ ምን ይፈይዳል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። በጎልማሶች ላይ በሚታየው የፖሊሲስቲክ ኩላሊት በሽታ፣ ከወላጆች አንዱ ሕመሙ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ብዙውን ጊዜ ኩላሊቱ ከመድከሙ አስቀድሞ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱን መቆጣጠርም ጉዳቱን ያዘገያል። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ይሁን እንጂ ኩላሊት ከደከመ በኋላ ከጭሮ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ከመጓዝ፣ በቅርብ ጤና ጣቢያ ግፊትን ቀድሞ መለካት ይሻላል።

በአካባቢያችን ሽማግሌዎች የዘር ሐረግን እስከ ብዙ ትውልድ ይቈጥራሉ። ነገር ግን ቅድመ አያት ማን እንደነበሩ እንጂ በምን እንደሞቱ አንጠይቅም። በእኔ እምነት የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በቤተሰባቸው ውስጥ ኩላሊቱ የታመመ ወይም በልጅነቱ ዓይኑ የደከመ ማን እንደነበረ ጠይቀው በጽሑፍ ሊያሰፍሩ ይገባል።

«ዘሩ በሽተኛ ነው» ተብሎ የልጆች ትዳር ይሰናከላል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም። ስለዚህም መዝገቡ የቤተሰቡ ምስጢር ሆኖ ለሐኪም ብቻ ይገለጥ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ መደበቅ ውርስን አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ሕክምናን ነው። ሕመሙ እርግማን ሳይሆን የጂን ስሕተት መሆኑን ለወላጆቻችን የማስረዳቱ ኃላፊነትም በእኛ በተማርነው ላይ የወደቀ ነው።