ቸርቺል ድቧን አወቀችበት፤ ጮቄ ቀይ ቀበሮውን አጣ

በካናዳ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ በሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ዳር ቸርቺል የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ ዘጠኝ መቶ እንኳን አይሞላም። ከተቀረው አገር ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ወይ በአውሮፕላን ይበራል፣ ወይ ከዊኒፔግ ተነሥቶ ሁለት ቀን ገደማ በባቡር ይጓዛል። እንዲያም ሆኖ በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር ሆቴሎቿ በእንግዳ ይጨናነቃሉ። እንግዶቹን የሚጠራቸው የዋልታ ድብ ነው። ድቦቹ በዚያ ወቅት ባሕሩ በረዶ እስኪሆን በዳርቻው ይጠባበቃሉ፤ በረዶው ሲጠና በላዩ ሄደው የባሕር እንስሳ ያድናሉ። ካሜራ ያነገቱት ሰዎች የሚደርሱት በዚያ መጠበቂያ ሰሞን ነው።

በአስጎብኚ የሚመራው ይህ የፎቶ ጉዞ ዋጋው የዋዛ አይደለም። ለጥቂት ቀናት ብዙ ሺህ ዶላር ይከፈልበታል፤ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሲያማትሩ ውሎ ድቡ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቶ ሊገኝም ይችላል። ለቢቸና ወይም ለሞጣ ገበሬ ነገሩ የእብደት ያህል ቢመስል አይገርምም። ለምሥራቅ ጎጃም አንባቢ የሚጠቅመው ግን የእንግዶቹ ጠባይ አይደለም፤ የከተማዋ ብልሃት ነው።

ቸርቺል ድሮ የምትኖረው በጦር ሰፈርና በእህል ወደብ ነበር። ጦሩ ሲወጣ እንጀራዋ ሳሳ። በ1979 (እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሌን ስሚዝ የተባለ ሰው ድብ ተንጠራርቶ እንዳይደርስበት ከፍ ያለ፣ ጎማው ግዙፍ የሆነ ተሽከርካሪ ሠራና ፎቶ አንሺዎችን ጭኖ ወደ ሜዳው ይወጣ ጀመር። ቀድሞ የከተማዋ መቅሠፍት ተደርጎ ይታይ የነበረው አውሬ የጓዳዋ መሶብ ሆነ።

አውሬነቱን ግን አልተወም። ድቡ ሰው ይበላል። በቸርቺል ብዙ ነዋሪ የመኪናውን በር ሳይቆልፍ የሚያድረው በመንገድ ላይ ድብ ያጋጠመው ሰው ዘሎ እንዲገባበት ነው። ከተማ ውስጥ የሚንጎራደደውን ድብ ጠባቂዎች በርችት ድምፅ ያባርሩታል። አልሰማ ያለው ይያዝና «የድብ እስር ቤት» በተባለው አሮጌ የጦር ሕንፃ ይታሰራል። እዚያ ውኃ እንጂ ምግብ አይሰጠውም፤ ከተማ መግባት ጥጋብ እንደማያመጣ እንዲማር ነው። ቀኑ ሲደርስ በሄሊኮፕተር ተጭኖ ራቅ ካለ ቦታ ይለቀቃል። በኖርዌይ ሥር በምትተዳደረው ስቫልባርድ ደግሞ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ማንም ጎብኚ ለድብ ከ300 ሜትር በላይ እንዳይቀርብ፣ በጸደይ ወራት ደግሞ ከ500 ሜትር እንዳይጠጋ በሕግ ተከልክሏል። ብዙ የከፈለም ቢሆን ከመስመሩ አያልፍም።

እርግጥ ነው፣ የቸርቺልም ታሪክ ሁሉ አያስቀናም። በምዕራብ ሃድሰን የሚኖሩት ድቦች በ2016 ቆጠራ 842 ነበሩ፤ በ2021 ወደ 618 ወርደዋል። ባሕሩ ዘግይቶ ይረጋል፣ ቀድሞ ይቀልጣል። በአውሮፕላን ሰማዩን አቋርጦ «ሳያልቁ ልያቸው» የሚለው ጎብኚም ለሙቀቱ የራሱን ጭስ ያዋጣል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። በዓለም ላይ ያሉት የዋልታ ድቦች ወደ 26 ሺህ ይገመታሉ። ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች በቀር በየትኛውም ምድር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ለአቅመ መራባት የደረሰው ተቆጥሮ ከ500 በታች ነው። በቁጥር ብቻ ከሄድን፣ ባሌ ሰነቴ ላይ ከሌሊቱ ውርጭ ጋር ተጋፍቶ አንድ ቀይ ቀበሮ ያነሣ ሰው ቸርቺል ከሄደው ይበልጥ ብርቅ ነገር ይዟል። እዚያ የሚታየውም ትንሽ አይደለም። ቀበሮው ለአደን ብቻውን ይወጣል። ፍልፈሉ ሣር ሊነጭ ከጉድጓዱ ብቅ ሲል ባለበት ይደርቃል፣ ጆሮውን ወደ ፊት ያቀናል፣ ከዚያ ሆዱን ከመሬት እያስታከከ ይሳባል። አዋቂ መሪ ፎቶ አንሺውን ቀድሞ ነፋሱን ፊት ለፊት በሚቀበልበት ቦታ በደረቱ ያስተኛዋል፣ «አትንቀሳቀስ» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ዕድል ነው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ ቀጥ ብሎ የሚያብበውን የደጋ ቀይ አበባ ማር ሲልስ የሚያሳይ ጥናት ከነፎቶው አወጡ። አፍንጫው በአበባ ብናኝ ቢጫ የሆነ ሥጋ በል አውሬ በዓለም ጋዜጦች ላይ ዞረ።

ጎጃምም ቀይ ቀበሮ ነበረው። መኖሪያው ጮቄ ነበር።

ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 4,100 ሜትር ከፍ የሚለው ጮቄ ለቢቸናም ለሞጣም ባለውለታ ነው። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉት ወንዞች ከእሱ ተነሥተው ዓባይ ይገባሉ። በጤፉ የታወቀው የቢቸና አገር ውኃውን የሚያገኘው ከዚሁ ተራራ ነው። ጅብራው፣ አስታውና ጓሳው ግን ዓመት ዓመት ወደ ላይ ሸሽቷል። ገብስና ድንች እስከ 3,800 ሜትር ገደማ እየወጡ ተዘሩ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከብቱ ጋጠው። ጓሳው ሲጋጥ አይጡ ቀነሰ፣ አይጡ ሲቀንስ ቀበሮው ተራበ፤ ከእረኛው ጋር የሚወጣው ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ መጣ። ጥናቶች ጮቄን በቅርብ አሥርት ዓመታት ቀይ ቀበሮ ከጠፋባቸው ተራሮች መድበውታል። ጥፋቱን በድሃው ገበሬ ላይ መደፍደፍ ግን ትክክል አይሆንም። መሬት የጠበበው ሰው ሽቅብ ማረሱ ጭንቀት ነው። ተጠያቂው ተራራውን ለጥቅም ማስከበር ሲገባው ለዘመናት ዝም ብሎ ያየው አስተዳደር ነው።

«እኛ ጋ ፎቶ አንሺ መጥቶ ምን ይፈይዳል?» ለሚል ሰው መልሱ ከሞጣ ቁልቁል ወርዶ በዓባይ ሸለቆ ይገኛል። ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው ይህ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ፈረሰ፤ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር ያፈረሱት መሆኑን አገሬው ይተርካል። ከዚያ በኋላ ለስድስት አሥርት ዓመታት ገደማ ሰው በሁለቱ ጫፍ በቆሙ ጉልበተኞች በገመድ እየተጎተተ፣ ከሥሩ ዓባይ እየተገላበጠ ይሻገር ነበር። ገበያተኛውም በሽተኛውም በዚያው ገመድ ነበር የሚያልፈው።

በ1999 ዓባይን በጀልባ ተከትሎ ወደ ሱዳን ከወረደው ጉዞ ጋር የነበረችው ፎቶ አንሺ ኔቫዳ ዊየር ያንን በገመድ የተንጠለጠለ ሰው አነሣችው። ፎቶው በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታኅሣሥ 2000 እትም ወጣ። መጽሔቱን አሜሪካ ውስጥ ያገላበጠ ኬን ፍራንዝ የተባለ የግንባታ ሰው ከምስሉ ዓይኑን መንቀል አቃተው። ገንዘብና ብረት አሰባስቦ መጣ። ብረቱ ሸለቆው ድረስ የወረደው በአህያ ጀርባና በሰው ትከሻ ነው፤ ክፍተቱም በአካባቢው ሕዝብ ጉልበት ተሞላ። በ2005 ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው በ2009 ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አዲስ ድልድይ ተሠራ። ፍራንዝ በዚያ ፎቶ ምክንያት ያቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለ ድርጅት ዛሬ በብዙ ድሃ አገሮች የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። የሥራው መነሻ ሞጣ መሆኗን ስንቱ የሞጣ ልጅ ያውቃል?

ታሪኩ ደስ ቢልም አንድ የሚቆጠቁጥ ነገር አለው። ፎቶውን ያነሣችው እንግዳ፣ ያየው እንግዳ፣ የወሰነውም እንግዳ ነው። ሞጣ የተጠቀመችው በአጋጣሚ ነው። ቸርቺል ግን በአጋጣሚ አትኖርም፤ ሥርዓት አበጅታለች። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው ሀብት ወይም የዱር እንስሳ ሳይሆን ይህ ነው።

ሥርዓት ማበጀት ደግሞ ለአማራ ገጠር ባዕድ አይደለም። የመንዝ ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ምድር ነው። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይከለከላል፤ ሲፈቀድም በተቆረጠ ቀን ታጭዶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። የ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው፣ ሕዝቡ ግን በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ በዚያ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለ፤ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው ማረፊያም ተሠርቷል። በሰሜን ተራሮች ደግሞ ጎብኚ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ መሣሪያ የያዘ ጠባቂ ሳይዝ ወደ ፓርኩ አይዘልቅም። በቅሎ ጫኙም ምግብ አብሳዩም ከዚያው አገር ነው። ይኸው ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 የወጣው ግጦሹንና ሰፈራውን በተመለከተ ብዙ ከተለፋ በኋላ ነው። ጮቄ ይህን ማድረግ የማይችልበት ምክንያት የለም።

ጅምሩም አለ። በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ መርጦታል። ዜናው ገና ሳይበርድ በ2023 ክረምት ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። ጥይት በሚጮህበት አገር ካሜራ ይዞ የሚዞር የለም፤ ሕዝቡም ከጎብኚ በፊት የሚያስጨንቀው ብዙ ነገር አለው። ስለዚህ «ነገ ጎብኚ ይጉረፍ» ማለት ቀልድ ይሆናል። መዘጋጀት ግን ጎብኚ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ እንዲያውም ሥርዓት የሚበጀው እንግዳ ሳይበዛ ነው።

ዝግጅቱ ምን ይመስላል? ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚወጣው መንገድ በራሱ የተሟላ የፎቶ ጉዞ ነው። ቢቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲጓዙ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ይገኛሉ። በምሥራቅ በኩል የዓባይ ሸለቆ፣ በምዕራብ ጮቄ፣ ሞጣ ሲደርሱ ሰባራ ድልድይ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሜዳው በአደይ ቢጫ፣ ጤፉ አረንጓዴ ነው። የጎደለው መሪ ነው፤ የትኛው ገደል ላይ ጠዋት ብርሃን እንደሚያርፍ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ካሜራ እንደማይገባ፣ ገበያተኛዋን ሳይጠይቁ ማንሣት ነውር መሆኑን የሚናገር የአካባቢ ልጅ። ፎቶ ለተነሣ ልጅ ሁሉ ብር እየወረወሩ ማለፍ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ አስፋልት ዳር ያቆመዋል። ክፍያው በማኅበር በኩል ቢገባና ድርሻው ለተከለለው ግጦሽ ባለቤቶች ቢደርስ ግን፣ ገበሬው ጓሳውን የሚጠብቅበት ምክንያት ያገኛል። ያለ እሱ ፈቃድ የሚከለል ተራራ ሌሊት ይታረሳል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የጮቄ አናት ነው። የምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ የቢቸናና የሞጣ አስተዳደሮች፣ ተራራውን በቅርብ የሚያውቀው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ብሮሹር ከማሳተማቸው በፊት የመንዝ ሽማግሌዎችን ይጥሩ። ከጮቄ ገበሬ ጋር ያስቀምጧቸው። እርሻው የሚቆምበትን መስመር፣ ጓሳው የሚታጨድበትን ቀን፣ ውሻ የማይወጣበትን ቦታ ራሱ ገበሬው ይወስን። ቀይ ቀበሮው ይመለሳል ብሎ ዛሬ ቃል መግባት አይቻልም፤ ቢመለስ የሚበላው አይጥና የሚያድርበት ጓሳ እንዲኖር ማድረግ ግን ይቻላል። ከምሥራቅ ጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ደቡብ ወሎ፣ ቦረና ሳይንት ውስጥ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ።