መድረኩ የተዘጋበት ድምፃዊ እና የተከተለው ካሜራ

የሙዚቀኞችን ጉዞ የሚከተሉ ዘጋቢ ፊልሞች የተለመደ መልክ አላቸው፦ ከመድረክ ጀርባ ያለው የልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያጓጉዘው አውቶቡስ፣ በመጨረሻም የታዳሚው ጩኸት። ሞሰስ ብዋዮ እና ክሪስቶፈር ሻርፕ ያዘጋጁት «ቦቢ ዋይን፦ የሕዝብ ፕሬዝዳንት» ይህንኑ መልክ ይዞ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ኮንሰርቱ የምርጫ ቅስቀሳ ይሆናል፤ አውቶቡሱ እጩው በጣራው ብቅ ብሎ የሚቆምበት መኪና ነው፤ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ደግሞ ወታደሮች የከበቡት መኖሪያ ቤት።

በካምፓላው የድሆች ሰፈር ካምዎኪያ ያደገው ሮበርት ኪያጉላኒ፣ በመድረክ ስሙ ቦቢ ዋይን፣ በጎርጎርዮሳዊው 2017 የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ምክር ቤቱ የፕሬዝዳንቱን የ75 ዓመት የዕድሜ ገደብ አነሣ፤ ከ1986 ጀምሮ በሥልጣን ላይ ለሚገኙት ዩዌሪ ሙሴቬኒም መንገዱ ተከፈተ። የዘፋኙ መድረክ ግን እየጠበበ ሄደ። በ2018 ማብቂያ በቡሳባላ ያቀረበው ኮንሰርት የተፈቀደለት ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፋሲካ ሰሞን እዚያው ሊያቀርብ ያሰበውን ፖሊስ ከለከለው። በዚሁ 2019 የደጋፊዎቹ መለያ የነበረው ቀይ መለዮ እንኳ የወታደር ልብስ ተብሎ ታገደ።

ለመሆኑ መንግሥት ዘፈንን ለምን ይፈራል? አብዛኛው ሕዝቧ ከ30 ዓመት በታች በሆነባት ኡጋንዳ፣ ማንም ሳያስገድደው ከኪሱ ከፍሎ የሚሰበሰብ ወጣት ለየትኛውም ገዢ ፓርቲ የሚያስቀና ነው። በዚያው በ2017 የቴዲ አፍሮ የአልበም ምረቃ በአዲስ አበባ ሂልተን መከልከሉን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በ2020 በኮቪድ ምክንያት የቅስቀሳ ሰልፎች ላይ ገደብ ሲጣል የቀረው መድረክም ተዘጋ። በኅዳር ወር እጩው ገደቡን ጥሰሃል ተብሎ ሲታሰር በተቀሰቀሰው ተቃውሞ ቢያንስ 54 ሰዎች ተገደሉ። በጥር 2021 ምርጫ ለሙሴቬኒ 58 በመቶ፣ ለቦቢ ዋይን 35 በመቶ ድምፅ መሰጠቱ ተገለጸ፤ እርሱ ግን ምርጫው ተጭበርብሯል ሲል ውጤቱን አልተቀበለም። ከድምፅ መስጫው በኋላ እርሱና ባለቤቱ ባርቢ ከአንድ ሳምንት በላይ ከቤታቸው እንዳይወጡ ተደርገዋል። የፊልሙ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ታዳሚ የለም፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ ካሜራው ግን አልጠፋም።

ጉድለቱም ከዚሁ ቅርበት የመነጨ ይመስለኛል። ካሜራው ባለታሪኩን ይወደዋል። ቢያሸንፍ አገሪቱን እንዴት ሊመራ እንዳሰበ አጥብቆ አይጠይቀውም፤ ሙሴቬኒን የመረጡ ኡጋንዳውያንም ምክንያታቸውን የሚያስረዱበት ቦታ እምብዛም አያገኙም። ስለ ሮክ ኮከብ በሚሠራ ፊልም እንዲህ ያለው አድናቆት ማንንም አይጎዳም። ፕሬዝዳንት ለመሆን በሚወዳደር ሰው ላይ ሲሆን ግን ተመልካቹን መልስ የሚሻ ጥያቄ ያስቀርበታል።

ፊልሙ በ2022 በቬኒስ ፌስቲቫል ታይቶ፣ በ2024 ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቱን ስለ ዩክሬኗ ማሪዩፖል የተሠራው ዘጋቢ ፊልም ወሰደው። የኦስካር እጩነቱ የመጣው ብዋዮ ዋጋውን ከከፈለ ከዓመታት በኋላ ነው። በቀረጻው ወቅት ታስሯል፤ ተተኩሶበት ፊቱ ላይ ቆስሏል። በኋላም ከባለቤቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰዷል።