«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት ደወለችልኝ። «ያኔ አባታችንን የቀዳኸው ድምፅ አለ አይደል ወንድሜ? ለአርባቸው ልናሰማው ፈልገን ነበር» አለችኝ። «አለ እንጂ!» አልኳት ሳላመነታ። ማታ ቤቴ ገብቼ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ኮምፒውተሬ ላይ ስሰካው ግን የስድስት ዓመት ቃለ መጠይቅ የያዘው ፎልደር የለም። በቦታው አንዲት ሾርትከት ብቻ ተቀምጣለች። በዋዜማው ዲስኩን ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቼው ነበር።

በነጋታው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። ዲስኬን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ተመልሼ አንድ ነገር ብቻ አየሁ፤ ዲስኩ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘበት። ልክ እንደ ድሮው ሙሉ ነው። ፋይሉ ቢጠፋ ኖሮ ቦታው ይለቀቅ ነበር። ስለዚህ ፋይሎቼ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ይህ የፍላሽ ቫይረስ ሥራው ይኸው ነው፤ ፎልደሩን ይደብቅና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል፣ እሷን ስንጫን ራሱን ያባዛል። ሾርትከቷን ሳልነካ በአንቲቫይረስ አጸዳሁት። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችንና የሲስተም ፋይሎችን አሳይ የሚሉትን ምርጫዎች ስከፍት፣ ሁሉም እንደነበረ ተቀምጧል። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ የአባትየው ድምፅ አብሮ በሄደ ነበር።

የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ለጥገና ቤቱ «ተሠራ» ማለት ዕቃው ከፈተ ማለት ነው። ለባለቤቱ ግን ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ የሟች ድምፅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የልጅ ፎቶ አይተካም። የሙያው የመጀመሪያ ጥያቄ «ውስጡ ምን አለ?» መሆን ነበረበት። እኛም ደንበኞቹ «ስንት ነው?» ብቻ እየጠየቅን አስለምደናቸዋል።

በእውነት የተሰረዘ ፋይል እንኳ ወዲያው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ቦታውን «ነፃ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሚጠፋው ሌላ ነገር ሲጻፍበት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የዊንዶውስ 10 ዝማኔ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ሰነድና ፎቶ ሲያጠፋ፣ ማይክሮሶፍት ዝማኔውን አቁሞ የመከራቸው ኮምፒውተሩን በተቻለ መጠን እንዳይጠቀሙበት ነበር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ? እዚህ ግን የሚለቀም ነገርም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ፋይል ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ሰብስቡ። ሪሳይክል ቢንን እዩ፣ በስሙ ፈልጉት፣ የተያዘውን ቦታ ተመልከቱ፣ የተደበቀውን አስገልጡ። ተሰርዞ ከሆነ በማስመለሻ ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ አውጡት እንጂ እዚያው ላይ አትጻፉ። ኤስኤስዲ ከሆነ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የተሰረዘውን ራሱ ቶሎ ያጸዳዋልና።

የኔንም ጥፋት አልደብቅም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቅጂ ብቻ ይዞ መዞር የጥገና ቤቱ ስህተት አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2» ፊልም በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲሰረዝ የቢሮው ባክአፕም አልሠራም። ሥራውን ያተረፈው አንዲት ባልደረባ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለነበር ቤቷ ያስቀመጠችው ቅጂ ነው። ያን ያህል ትልቅ ድርጅት የዳነው በቤት ኮምፒውተር ከሆነ፣ የኛ ቤት ምን ዋስትና አለው?

ድምፁን ለልጃቸው ልኬያለሁ። ሦስት ቦታም ገልብጬዋለሁ፤ አንዱ ከቤቴ ውጪ ነው። እናንተም ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ዛሬ ማታ አንድ ፎልደር ገልብጡ። ቀጥሎ «ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁ ሲመጣ ደግሞ «ቆይ፣ መጀመሪያ ውስጡን እንይ» በሉት።