የጀማ ዳይኖሰሮች

መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዳይኖሰር የት ይኖር ነበር ብዬ ስጠይቅ የተማሪዎቼ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አሜሪካ!» ፊልም ላይ ያዩት እዚያ ነዋ። እዚሁ ቁልቁል፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርስ መገኘቱን የነገራቸው የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ዓመት ገደሉ አፋፍ ድረስ ይዣቸው ወጣሁ። ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ የጥንት ባሕር ወለል ነው። ከእሱ በላይ ያለውን ቀይ ንብርብር የሥነ ምድር ባለሙያዎች በሙገር ወንዝ ስም «የሙገር ጭቃ ድንጋይ» ይሉታል። ባሕሩ ሲሸሽ፣ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ወንዞች ያነጠፉት ደለል ነው። አንዷ ተማሪዬ ጓል አንስታ በመዳፏ ፈረፈረችና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ግድግዳ የምንለስንበት አፈር ነው!» አለችኝ።

ከዚህ ከናቅነው አፈር የወጣው ግኝት እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። የዳይኖሰር፣ የአዞና የኤሊ ቅሪተ አካል፣ ከዓሣም ሳንባ ያለው ዓይነት ተገኝቷል። የሥጋ በሉን ዳይኖሰር ጥርስ በፎቶ ሳየው ማጭድ ነው የመሰለኝ፤ ወደ ኋላ ቆልመም ያለ፣ ጠርዙ በጥቃቅን ጥርስ የተሞላ። እንዲህ ያለው እንስሳ ዕድሜውን ሙሉ ጥርሱን እየጣለ አዲስ ያበቅላል፤ የጥርስ ልባሱም ከአጥንት ይጠነክራል። ሙሉ አፅም ባይገኝም ጥርሱ የተረፈልን ለዚህ ነው። ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅም አይደለም። በዚያ ዘመን አፍሪካ ምድር ላይ ስለኖሩ እንስሳት የሚታወቀው በአብዛኛው ከታንዛኒያው ተንዳጉሩ በተገኘው ነውና።

ሉሲን በዓለም ፊት የምንኮራባትን ያህል፣ ለእነዚህ አንድ የመንገድ ዳር ሰሌዳ እንኳ ይነፈጋቸው? የጥርሶቹን አምሳያ በጄሶ ሠርቶ ለወረዳው ትምህርት ቤቶች ማደልስ ምን ያህል ወጪ ነው?

ከሁሉ በፊት ግን እረኞቹ ይነገራቸው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ቀዩን አፈር ይሸረሽራል፤ አዲስ የወጣውን ቀድመው የሚረግጡት ከብት የሚያግዱት ልጆች ናቸው። ምን እንደሚመስል ያላሳየነው ልጅ ጠጠር መስሎት በወንጭፍ ይወረውረዋል። ያሳየነው ግን ካለበት ሳያነሳ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ይናገራል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እኔ ፎቶዎቹን ይዤ ከእነሱ ጋር ልጀምር ነው።