ሙቀትና አጎበር
ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የተመደቡ አንባቢ ሆይ፤ በግንቦትና በሰኔ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲልዎ እጅዎ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አጎበሩ ነው። አደራ፣ አይግለጡት! በ2014 ዓ.ም. በከተማው ወባ ያዛመተችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ በበርሜልና በገንዳ ውኃ ስለምትራባ፣ በበጋም አትጠፋም። ይልቅስ ሙቀት የሚያምቀውን የስፖንጅ ፍራሽ ያንሡና በጠፍር አልጋ ላይ ሰሌንና የጥጥ አንሶላ ያንጥፉ፤ ነፋስ ከሥር ይገባል። ከመኝታ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ። እጅግ የቀዘቀዘ ውኃ ግን የቆዳን የደም ሥር አኮማትሮ ሙቀቱን በውስጥ ያስቀረዋል። እርጥብ ነጠላ እግር ላይ ጣል ማድረግም ደግ ነው፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ውኃው እየተነነ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። (በክረምት ጋምቤላ ቢሆን ይህ ብዙም አይረዳ።) ማራገቢያ ያለው ሰው ወደ አጎበሩ ያስጠጋው፤ መረቡ ነፋሱን ያደክመዋልና።