ዳክ ለመግዛት ላሰበ ሰው

ሙዚቃን በቤታቸው በወጉ ማዳመጥ የሚሹ ሰዎች ገንዘባቸውንም እንቅልፋቸውንም ከሚከፍሉባቸው ነገሮች አንዱ የዳክ ምርጫ ነው። ዳክ በሲዲ፣ በኮምፒዩተር ወይም በስልክ በቁጥር የተቀመጠውን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መልሶ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል መሣሪያ ነው። ሥራው ይኸው ነው። በዚህች ሥራ ዙሪያ የሚነገረው ግን ብዙ ነው፤ አንዱ ዳክ ድምፅን ያሞቃል፣ ሌላው ያደርቃል፣ ሦስተኛው መጋረጃውን ይገልጣል ይባላል። ዋጋውም ከጥቂት ዶላር ተነሥቶ የመኪና ዋጋ ይደርሳል። (የገመዱን ነገር ተዉት፤ እሱ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋል።)

እኔ በዳክ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልክ በ16 ቢት ይመዘግብ ነበር። ቁጥሩ በዘፈቀደ አልተመረጠም። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ይሰማል፤ ከዚህ እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት የተለካ ሞገድ ደግሞ ሳይጎድል ተመልሶ ሊገኝ እንደሚችል ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ በሒሳብ አስረድቷል። ይህን የሚያከናውን ጥሩ ቺፕ ዛሬ ርካሽ ነው። በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ከሲዲ የላቀ ጥራት ያላቸውን ቅጂዎች አንዴ እንዳሉ፣ አንዴ ወደ ሲዲ ደረጃ አውርደው ቢያሰሙ፣ የአድማጮቹ መልስ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም።

«እኔ ግን ልዩነቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» የሚል አይጠፋም። ሰምቶ ይሆናል። የቤት ዳክ በተለምዶ እስከ 2 ቮልት ያወጣል፤ ከዚያ የሚያልፉም አሉ። ጆሮ ደግሞ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የመጣለትን ድምፅ የተሻለ ነው ብሎ ይፈርዳል። የሁለቱ ዳኮች ድምፅ በመለኪያ ሳይስተካከል፣ አድማጩም የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ እያወቀ የሰጠው ፍርድ ስለ ዳኩ የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው።

ኮምፒዩተሩ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል እዝዝ የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ከኮምፒዩተሩ ሆድ ውጭ የሚቀመጥ አነስተኛ ዳክ መግዛት ተገቢ ነው፤ ጉርምርምታው ከምድር መስመሩ የመጣ ከሆነም በብርሃን የሚያስተላልፈው የኦፕቲካል መስመር ያቋርጠዋል። የተረፈው ገንዘብ ለስፒከር ይዋል። የስፒከርን ልዩነት ማንም ሳይነገረው ይሰማዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ዘፈን አድማጮች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አምሃ ሪከርድስ በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ዘፈን የሚወጣው በሸክላ ነበር፤ በኋላ ካሴት ቦታውን ወሰደ፤ ካሴቱም ከካሴት እየተቀዳ በየቤቱ ገባ። በተራ ካሴት ላይ በእጅግ ዝቅተኛውና በእጅግ ከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ቢሆን ነው፤ የሲዲ 96 ይደርሳል። እንግዲህ ከተቀዳ ካሴት ላይ በችኮላ ወደ ኤም.ፒ.ስሪ የተለወጠን ዘፈን በሺሕ ዶላር ዳክ ቢያጫውቱት ምን ይጨምርለታል? የካሴቱን ሽሽታ አጥርቶ ያሰማ እንደሆን ነው።

ስለዚህ ምክር ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው፣ የግድ ሳጥን መግዛት ካለብህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራውን፣ ማለትም ድምፅን ወደ ቁጥርም የሚለውጠውን ግዛ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሙዚቀኞች በቤታቸው ለመቅጃ የሚጠቀሙበት ስለሆነ ዋጋው አይከብድም፤ ለማዳመጥም ያገለግላል። በየሣጥኑ ሥር ያለው ካሴት በየዓመቱ እየደከመ ነው፤ ብዙውም ሌላ ቅጂ የለው ይሆናል። የማጫወቻውን ሄድ አልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ፣ ድምፁ የታፈነ ከሆነም በትንሿ ብሎን የሄዱን አቀማመጥ ቀጭኑ ድምፅ እስኪጠራ ድረስ ማስተካከል፣ ከዚያ በ24 ቢት፣ ከጣሪያው ዝቅ ባለ መጠን መቅዳትና ሳይጨመቅ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለዘመድ የሚላከው ኤም.ፒ.ስሪ ከዚያ ላይ ይወጣል። ካሴቱም አይጣል፤ የተሻለ ማጫወቻ የተገኘ ዕለት እንደገና ይቀዳል።